ዋትዝናወሪያሲኤ፦ የጁራሲክ ዘመን ጥቃቅን የባሕር ቅሪተ አካላት አመዳደብና በጂኦሎጂ ሪፖርት ላይ ያላቸው ትርጉም

በማዕድንና በነዳጅ ፍለጋ ዘርፍ ለመሰማራት የሚፈልጉ ወይም ለምርምር ሥራ የከርሰ ምድር መረጃ የሚጠይቁ ተገልጋዮች የሚመለከቷቸው የጂኦሎጂ ሪፖርቶች፣ ብዙ ጊዜ በአባሪያቸው ላይ ረጃጅም የላቲን ስሞች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ይይዛሉ። አብዛኛው አንባቢ ይህን ሠንጠረዥ አልፎ በቀጥታ ወደ መደምደሚያው ይሄዳል። ሆኖም በመደምደሚያው ላይ «መካከለኛ ጁራሲክ» ወይም «የላይኛው ጁራሲክ» ተብሎ የሚሰፍረው የድንጋይ ዕድሜ በብዙ ሁኔታ የሚመነጨው ከእነዚያው ስሞች ነው። ስሙ ከተሳሳተ ዕድሜው ይሳሳታል። ዕድሜው ከተሳሳተ ደግሞ ቁፋሮው ከሚፈለገው ንጣፍ ሳይደርስ ሊቆም፣ ወይም ንጣፉን ካለፈ በኋላ በከንቱ ሊቀጥል ይችላል። የአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ወጪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በዘርፉ ያሉ ሁሉ ያውቁታል።

ይህ ጽሑፍ በጁራሲክና በክሬቴሺየስ ዘመን የባሕር ድንጋዮች ውስጥ እጅግ ተደጋግሞ የሚገኘውን አንድ አስተኔ (ቤተሰብ)፣ ማለትም ዋትዝናወሪያሲኤ የተባለውን የፕላንክተን ቅሪተ አካል ይመለከታል። አስተኔው በምን መለኪያ እንደሚመደብ ማወቅ፣ ሪፖርቱ በእርግጠኝነት የሚናገረውን በግምት ከሚያስቀምጠው ለይቶ ለማንበብ ያስችላል።

የቅሪተ አካሉ ምንነት

ኮኮሊቶፎር የሚባሉት በባሕር ላይኛው፣ ብርሃን በሚደርስበት ክፍል የሚንሳፈፉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው። እንደ ዕፅዋት ሁሉ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። የሕዋሳቸውን ገጽ ካልሳይት ከተባለው ማዕድን፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ማዕድን፣ በሚሠሯቸው ጥቃቅን ሰሌዳዎች ይሸፍናሉ። እነዚህ ሰሌዳዎች ኮኮሊት ይባላሉ። ሕዋሱ ሲሞት ሰሌዳዎቹ ይበታተኑና ወደ ባሕሩ ወለል ወርደው ከደለሉ ጋር ይቀመጣሉ፤ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥም የድንጋዩ አካል ይሆናሉ።

የአንድ ኮኮሊት ስፋት በአብዛኛው ከ3 እስከ 10 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስፋታቸው 6 ማይክሮን የሆኑ ኮኮሊቶች ቢደረደሩ በአንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመት ላይ ከ150 በላይ ይሰለፋሉ። ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1836 በጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ሲመለከታቸው ሕይወት ካለው ነገር የመጡ አልመሰሉትም ነበር። ኮኮሊት የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1858 የሰጣቸው ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊም በመጀመሪያ የተረዳቸው በተመሳሳይ መንገድ ነበር። የሕያዋን ሥራ መሆናቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በቅሪተ አካል ጥናት የሚመደበው በአብዛኛው ሙሉው ፍጡር ሳይሆን ከፍጡሩ የተረፈው ነጠላ ሰሌዳ ነው። ስለዚህ አመዳደቡ የሚቆመው በሰሌዳው አሠራር ላይ ብቻ ነው።

አስተኔውን የሚለየው ባሕርይ

የዋትዝናወሪያሲኤ ኮኮሊት ከጎኑ ሲታይ በአጭር አንገት የተያያዙ ሁለት የስኒ ሳህኖችን ይመስላል። ላይኛው ሳህን ከሕዋሱ ወደ ውጭ፣ ታችኛው ደግሞ ወደ ሕዋሱ የሚመለከት ነው። በዚህ ቅርጽ ብቻ ግን አስተኔውን መለየት አይቻልም፤ በጁራሲክ ባሕር ውስጥ ሁለት ሳህን ያላቸው ሌሎች ኮኮሊቶችም ነበሩና።

ልዩነቱ ሳህኖቹ በተገነቡባቸው የካልሳይት ቅንጣቶች አቀማመጥ ላይ ነው። በዋትዝናወሪያሲኤ ቅንጣቶቹ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየሸፈነ፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ይሄዳሉ። ቢስኩታሲኤ በተባለው ሌላ አስተኔ ግን ቅንጣቶቹ ሳይደራረቡ፣ እንደ መንኮራኩር አሞሌ ከመሐል ወደ ዳር ተዘርግተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ልዩነት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያል። በተራ ቤተ ሙከራ የሚገኘው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ግን ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ለማሳየት አቅም የለውም። በዚህ ጊዜ የሚረዳው የተሻገረ ፖላራይዝድ ብርሃን ነው። የካልሳይት ቅንጣት በተቀመጠበት አቅጣጫ መሠረት በዚህ ብርሃን ይበራል ወይም ይጨልማል። የዋትዝናወሪያ ጠርዝ ደምቆ ይበራል፤ በላዩም ላይ አራት የተጠማዘዙ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። የቢስኩታሲኤ ጠርዝ ግን ደብዛዛ ሆኖ፣ የሚበራው በመሐሉ ያለው ጠባብ ቀለበት ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ክብ በሆኑት ኮኮሊቶች ላይ ነው። ሳይክላጀሎስፌራና ዲስኮራብደስ ሁለቱም ክብ ናቸው፤ መጠናቸውም ሊቀራረብ ይችላል። በተራ ብርሃን ለሚመለከታቸው ጀማሪ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። ሆኖም የመጀመሪያው በዋትዝናወሪያሲኤ፣ ሁለተኛው በቢስኩታሲኤ የሚመደብ ነው። ከዚህ የተነሣ የውጪ ቅርጽን ብቻ ተመልክቶ የተሰጠ ስም ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም፤ በሪፖርቱ ላይ ያለው ፎቶግራፍ በተሻገረ ፖላራይዝድ ብርሃን የተነሣ መሆኑን ማረጋገጥ ቀላል ነገር ግን ጠቃሚ ምርመራ ነው።

በአስተኔው ውስጥ በጁራሲክ ሪፖርቶች ተደጋግመው የሚጠቀሱት ወገኖች ሦስት ናቸው። ሎታሪንጊየስ ሞላላና ቀዳሚው ሲሆን በመሐሉ ባለው ክፍተት ውስጥ የተሻገሩ ዘንጎች ይኖሩታል። ሳይክላጀሎስፌራ ከላይ እንደተገለጸው ክብ ነው። ዋትዝናወሪያ ደግሞ በአብዛኛው ሞላላ ሆኖ ዝርያዎቹ የሚለዩት በመሐል ክፍላቸው ነው። ዋትዝናወሪያ ባርንሲኤ መሐሉ የተዘጋ ወይም ሊዘጋ የደረሰ ነው፤ ዋትዝናወሪያ ፎሳሲንክታ ጠባብ ክፍተት አለው፤ ዋትዝናወሪያ ብሪታኒካ ደግሞ በክፍተቱ ላይ የተዘረጋ ድልድይ ይታይበታል።

ድልድዩ እስካለ ድረስ ብሪታኒካን መለየት አያስቸግርም። በባርንሲኤና በፎሳሲንክታ መካከል ያለው ድንበር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የክፍተቱ ስፋት ከተዘጋው እስከ ተከፈተው ድረስ ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ በመሆኑ ድንበሩ የሚሰመረው በስምምነት ነው። ሁለት ብቃት ያላቸው ባለሙያዎች ያንኑ ስላይድ ቆጥረው የተለያየ ቁጥር ቢያቀርቡ አንዱ አጥፍቷል ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዳቸው ድንበሩን የት ላይ እንዳሰመሩ ነው።

አንድ ሰሌዳ፣ በርካታ ስሞች

ኮኮሊቶፎሮች አልጌ በመሆናቸው ስማቸው የሚተዳደረው ለአልጌ፣ ለፈንገስና ለዕፅዋት በወጣው ዓለም አቀፍ የስያሜ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ በመርህ ደረጃ አስቀድሞ በደንቡ መሠረት የወጣ ስም ቅድሚያ አለው። ዝርያው ወደ ሌላ ወገን ሲዛወርም የመጀመሪያው የዝርያ ስም አብሮት ይሄዳል። አሠራሩ ሥርዓት ያለው ቢሆንም አሮጌና አዲስ ሪፖርቶችን አጣምሮ ለሚያነብ ሰው ግራ መጋባትን ያስከትላል።

ለምሳሌ ያህል ዛሬ ዋትዝናወሪያ ባርንሲኤ የሚባለው ዝርያ በመጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሞሪስ ብላክ ከባርባራ ባርንስ ጋር የእንግሊዝን ጠመኔ ድንጋይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባጠኑበት ሥራ ላይ ትሬማሊተስ ባርንሴ ብለው ሰየሙት። ዋትዝናወሪያ የሚለው የወገን ስም የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በራይንሃርት ነው። ዝርያውን ወደዚህ ወገን ያዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1968 ካታሪና ፐርክ-ኒልሰን ናቸው። ከዚያም በኋላ የላቲኑ ሰዋስው ታርሞ «ባርንሴ» የነበረው «ባርንሲኤ» ሆነ። ሁለቱም አጻጻፎች እስካሁን በሪፖርቶች ላይ ይገኛሉ፤ የሚያመለክቱት ግን አንድ ዝርያ ነው።

በአስተኔ ደረጃም ተመሳሳይ ነገር አጋጥሟል። ዴኒዝ ኖኤል እ.ኤ.አ. በ1965 ኤሊፕሳጀሎስፌራ የተባለ ወገንና በእርሱ ስም የተጠራ ኤሊፕሳጀሎስፌራሲኤ የተባለ አስተኔ አስተዋወቁ። ሩድ፣ ሄይና ባርናርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ዋትዝናወሪያሲኤ የሚለውን ስም አወጡ። እስከ 1980ዎቹ በታተሙ መጻሕፍት የኖኤል ስያሜ በሰፊው ይገኛል፤ ዛሬ የሚሠራበት የኋለኛው ነው። በአሮጌ የጉድጓድ ሪፖርት ላይ «ኤሊፕሳጀሎስፌራ ብሪታኒካ»፣ በአዲሱ ላይ «ዋትዝናወሪያ ብሪታኒካ» የሚል የተጻፈ ከሆነ የተገኘው ያው ቅሪተ አካል ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ኮንትራክታ የተባለውን ዝርያ በተመለከተ ነው። ይህ ዝርያ ከሎታሪንጊየስ ወደ ዋትዝናወሪያ በሚደረገው የዝግመተ ለውጥ ሽግግር ላይ ያለ በመሆኑ በመጀመሪያ ሎታሪንጊየስ ኮንትራክተስ ተባለ፤ ኋላም ወደ ዋትዝናወሪያ ተዛወረ። ጉዳዩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀ ነበር። ነገር ግን ዝርያው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ደረጃ ለድንጋይ ዕድሜ እንደ ምልክት ያገለግላል። ሁለቱን ስሞች እንደ ሁለት የተለያዩ ክስተቶች ቆጥሮ የሁለት ጉድጓዶችን ንጣፍ የሚያዛምድ ሰው በሌለ ልዩነት ላይ ካርታ ይሠራል።

ስሙ ስለ ዕድሜ የሚናገረው

የአስተኔው የመጀመሪያ አባላት የታዩት በታችኛው ጁራሲክ፣ ፕሊንስባኪያን በተባለው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ነው። ሎታሪንጊየስ ሃውፊ የተባለው ዝርያ መታየት በጁራሲክ የኮኮሊት ክፍፍል ውስጥ የአንድ ዞን መጀመሪያ ሆኖ ያገለግላል። የኮንትራክታ መታየት በአሌኒያን፣ የብሪታኒካ መታየት ደግሞ በባጆሲያን መጀመሪያ አካባቢ ይመጣል። የባጆሲያን መነሻ ከዛሬ 170 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ማጣቀሻው በፖርቱጋል ካቦ ሞንዴጎ የሚገኘው የባሕር ዳር ገደል ነው። ዋትዝናወሪያ በዝርያም በቁጥርም የተበራከተው በዚህ ክፍለ ዘመን ነው።

ዋትዝናወሪያ ባርንሲኤን በተመለከተ ግን ተገልጋዮች ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጠብቁበታል። ዝርያው ከመካከለኛው ጁራሲክ አንሥቶ ዳይኖሰሮች እስከ ጠፉበት እስከ ክሬቴሺየስ መጨረሻ፣ ማለትም ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት እስካለው ጊዜ ድረስ ኖሯል። ይህ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዘመን ነው። ስለሆነም በሠንጠረዡ ላይ ትልቁን ቁጥር የያዘው ስም ስለ ዕድሜ የሚናገረው ጥቂት ነው። ዕድሜውን የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ በሠንጠረዡ ታች አንድና ሁለት ተብለው የተመዘገቡት ናቸው።

የባርንሲኤ ብዛት ይልቁንም ስለ ድንጋዩ ጤንነት ይናገራል። ዝርያው በወፍራም አሠራሩ ምክንያት መሟሟትን ይቋቋማል፤ ስስ የሆኑት ሌሎች ዝርያዎች ሲሟሙ እርሱ ይቀራል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በርካታ ተመራማሪዎች ባርንሲኤ ከጠቅላላው ቆጠራ ከ40 በመቶ በላይ ሲሆን ስብስቡ በመሟሟት ተለውጦ ሊሆን እንደሚችል እንደ ማስጠንቀቂያ ወስደውታል። ቁጥሩ ጽኑ ሕግ አይደለም፤ በደንብ ተጠብቀው በቆዩ ድንጋዮችም ዝርያው በብዛት ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ባርንሲኤ ብቻውን በገነነበት ናሙና ላይ «እገሌ የተባለው ዝርያ አልተገኘም» ተብሎ ዕድሜ ከተወሰነ፣ አለመገኘቱ ከጅምሩ ስላልነበረ ይሁን ወይስ ስለሟሟ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አለመገኘት ማስረጃ እንዳልሆነ የአስተኔው የራሱ ታሪክ ያሳያል። ዋትዝናወሪያ በክሬቴሺየስ መጨረሻ ሲጠፋ ሳይክላጀሎስፌራ ተርፎ ለጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ቀጥሏል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በሆነ ዘመን ውስጥ ምንም ቅሪተ አካል ስላልታየ አስተኔው በሙሉ እንደጠፋ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኪዮኮ ሃጊኖና ባልደረቦቻቸው ከጃፓንና ከክሮኤሺያ የባሕር ዳርቻ ውኃ በቀዱት ናሙና ውስጥ ተርጀስቲየላ አድሪያቲካ የተባለ ሕያው ኮኮሊቶፎር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይህን ፍጡር ኤርቪን ካምፕትነር እ.ኤ.አ. በ1940 ገልጸውት የነበረ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ተዘንግቶ ቆይቷል። የሰሌዳው አሠራር ሲመረመር የሳይክላጀሎስፌራ ሆኖ ተገኘ። የሚኖረው በባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ነው፤ የኮኮሊት ቅሪተ አካላት በደንብ የሚቆዩት ደግሞ ከዳርቻ በራቀ ደለል ውስጥ ነው። ስለዚህ በመካከል ያለው ረጅም ዝምታ የመጥፋት ሳይሆን የአለመቆየት ነበር።

ከኢትዮጵያ ድንጋዮች ጋር ያለው ግንኙነት

በጁራሲክ ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ የተነሣ ባሕር የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ሸፍኖ ነበር። በመቐለ ዙሪያና በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ በኦጋዴን ከርሰ ምድር ያሉት የሐማንሌይና የኡራንዳብ ንጣፎች የዚያ ባሕር ደለሎች ናቸው። የዚህ ዘመን የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ሆኖ ያገለግላል። የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችቶችም የሚገኙት በኦጋዴን ተፋሰስ ውስጥ ነው።

የጁራሲክ ድንጋይ ዕድሜ በተለምዶ የሚወሰነው አሞናይት በተባሉ ጠመዝማዛ ዛጎል ባላቸው እንስሳት ነው። በገደል ፊት ላይ ይህ ይሠራል። በጉድጓድ ውስጥ ግን የቁፋሮው ጥርስ አሞናይቱን ይፈጨዋል። ኮኮሊት በትንሽነቱ ከዚህ ያመልጣል፤ ጥፍር በምታህል የድንጋይ ስብርባሪ ውስጥ በሺዎች ሊገኝ ይችላል። በጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሁሉም ድንጋይ ግን እኩል ተስፋ አይሰጥም። ኮኮሊት የሚፈለገው በተረጋጋና ጠለቅ ባለ ባሕር ውስጥ በተቀመጠ ሼልና ማርል፣ ማለትም ጭቃማ ደለል ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ኡራንዳብ የዚህ ዓይነት ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ የተቀመጠ፣ ወይም ወደ ዶሎማይት የተለወጠና ዳግመኛ የተቀረጸ የኖራ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ለሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሚያጠና ተገልጋይ የኖራ ድንጋዩ ኮኮሊት ባይወጣለት ይህ የድንጋዩን ጥራት አይነካም። ሌላው ነጥብ ከክፍፍሉ ጋር የተያያዘ ነው። ኤን.ጄ. በሚል ምልክት የሚታወቀው የዞን ክፍፍል የተመሠረተው በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ድንጋዮች ላይ ሲሆን፣ ለጥንታዊው ቴቲስ ባሕር አካባቢ ኤን.ጄ.ቲ. የተባለ ሌላ ክፍፍል አለ። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ከሰሜን አውሮፓ ባሕር በእጅጉ የራቀች ስለነበረች፣ ሪፖርቱ በየትኛው ክፍፍል እንደተጠቀመና ለምን እንደመረጠው በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።

ናሙና ሲሰጥና ሪፖርት ሲቀርብ

ዝግጅቱ ቀላልና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ከድንጋዩ ትኩስ ገጽ ጥቂት ዱቄት ይፋቃል፤ በመስታወት ላይ በአንድ ጠብታ ውኃ ይበጠበጥና በስቴኪኒ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ከዚያ በሙጫና በስስ መሸፈኛ መስታወት ይታሸጋል። አንድ ስቴኪኒ ለሁለት ናሙና አያገለግልም፤ ለዓይን የማይታይ ትራፊ የሌላ ዘመን ቅሪተ አካል ይዞ ሊሻገር ይችላልና። ከሁሉ በላይ ናሙናው አሲድ ሊነካው አይገባም። የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማረጋገጥ በመስክ ላይ የአሲድ ጠብታ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ ፍተሻ የተደረገበት ቁራጭ ለኮኮሊት ምርመራ መላክ የለበትም፤ ኮኮሊቱ ራሱ ካልሳይት በመሆኑ ድንጋዩን የሚያፈላው አሲድ እርሱንም ያሟሟዋል።

ናሙናው የቁፋሮ ስብርባሪ ከሆነ ከላይኛው የጉድጓዱ ግድግዳ የሚረግፍ ድንጋይ ከታችኛው ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ምክንያት ከላይ ወደ ታች በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ ይበልጥ የሚታመነው አንድ ዝርያ ከላይ ሲቆጠር መጀመሪያ የተገኘበት ጥልቀት ነው፤ ይህም ዝርያው በታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ የኖረበትን ጊዜ ያመለክታል። ዝርያው መኖር የጀመረበትን ጊዜ ከስብርባሪ መወሰን ግን አደገኛ ነው። ብሪታኒካ ከላይ ረግፎ ከባጆሲያን በታች ባለ ድንጋይ ውስጥ ቢገኝ ንጣፉ ከትክክለኛ ዕድሜው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። ለዚህ ዓይነቱ ውሳኔ የኮር ናሙና ያስፈልጋል፤ ሪፖርቱም እያንዳንዱ ናሙና ስብርባሪ ይሁን ኮር መለየት አለበት።

ለምርመራ የሚበቃው የድንጋይ መጠን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። የተረፈው ድንጋይና የተዘጋጀው ስላይድ የጉድጓዱ ስም፣ ጥልቀቱና የተወሰደበት ቀን ተጽፎበት ሊቀመጥ ይገባል። ከ1980ዎቹ የቀረ ስላይድ ካለ፣ በዚያን ጊዜ ሎታሪንጊየስ ኮንትራክተስ ተብሎ የተመዘገበውን ዛሬ ሌላ ባለሙያ በዚያው መስታወት ላይ አይቶ በአሁኑ ስሙ ሊመዘግበው ይችላል። ስላይዱ ከጠፋ ግን የሚቀረው በሠንጠረዡ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው።